«ስሰልላም»፦ ጥፋቱ የኪቦርዱ አይደለም

ቴሌግራማችሁን ክፈቱና «ሴቭድ ሜሴጅስ» ውስጥ ግቡ። ወደ ላይ ስክሮል አድርጉ። ከሊንኮቹ፣ ከስክሪንሾቶቹና «ነገ አነበዋለሁ» ካላችኋቸው ፒዲኤፎች መሐል ብጥስጣሽ የአማርኛ ጽሑፎች አይጠፉም። የአንድ ሰው ሙሉ ስም። የሰፈር አድራሻ። «ጉዳዩ፦ የመሸኛ ደብዳቤ ስለመጠየቅ» የሚል ብቸኛ መስመር። ለማን ነው የተጻፉት? ለማንም። አንድ አፕ አማርኛ አልጽፍም ብሏችሁ፣ እዚህ ጽፋችሁ፣ ኮፒ አድርጋችሁ፣ እዚያ ለጥፋችሁ የሄዳችሁባቸው ናቸው።

ይህን ብልሃት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። አንዱ ከሌላው አይቶ ተቀባበልነው። የቸገረው ሰው ብልሃት ነውና እኔም አልነቅፈውም። የምጣላው ብልሃቱን አይቶ «በቃ ይሠራል እኮ!» ብሎ ፋይሉን ከሚዘጋው ሰውዬ ጋር ነው። ያን ሰውዬ በደንብ አውቀዋለሁ። ሦስት ዓመት ያህል እኔው ራሴ ነበርኩ።

ነገሩ የከነከነኝ አክስቴን ለዓይን ሕክምና ይዤ የሄድኩ ዕለት ነው። መግቢያው ላይ ታብሌት ተተክሏል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ስልክ። አክስቴ አማርኛ በስልክ መጻፍ ከጀመረች ቆይታለች፤ የዕድራቸውን የቴሌግራም ግሩፕ የምታስተዳድረው እሷ ናት። ስለዚህ «ቆይ እኔው ልጻፍ» አለችና ታብሌቱ ፊት ቆመች። ስሟ ጽጌ ነው። «ጸ»ን ነካች፣ ከሚዘረዘሩት ቤተሰቦቿ «ጽ»ን መረጠች። «ገ»ን ነካች፣ «ጌ»ን መረጠች። ሳጥኑ ውስጥ የተጻፈው «ጸጽገጌ» ነው።

አጠፋችው። ደገመችው። አሁንም «ጸጽገጌ»። ሦስተኛ ስትሞክር ከኋላችን ያለው ሰልፍ መቁነጥነጥ ጀመረ። መዝጋቢዋ ልጅ በትሕትና ጎንበስ ብላ «እናቴ፣ ኪቦርዱ እያስቸገረ ነው፤ በእንግሊዝኛ ላድርግልዎት» አለችና ታብሌቱን ወደ ራሷ አዞረችው። ጽጌ በ«ቲ ኤስ» ተጀምራ ተመዘገበች። ከወር በኋላ ለቀጠሮ ስንመለስ ሌላ መዝጋቢ ነበር፤ እሱ በ«ኤስ» ብቻ ፈለጋት። የለችም። አዲስ ካርድ ወጣ። የመጀመሪያው ቀን የተለካው የዓይን ግፊት የት እንደገባ ዶክተሩም አላወቀ፣ እንደገና ተለካ፣ እንደገና ተከፈለ። አክስቴ ከዚያን ዕለት ወዲህ እዚያ ቤት ሁለት ሰው ናት።

«ኪቦርዱ እያስቸገረ ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። ይህ ጽሑፍ በሙሉ ከእሷ ጋር ጠብ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ ምንም አላጠፋችም፤ የነገሯትን ነው የነገረችን። ዓረፍተ ነገሯ ግን ውሸት ነው። ያው ኪቦርድ፣ ያው ታብሌት ላይ፣ ቴሌግራም ውስጥ «ጽጌ» ብሎ ጥንቅቅ አድርጎ ይጽፋል። ያስቸገረው ሳጥኑ ነው። አፑ ሆድ ውስጥ የተቀበረው፣ አንድ ሰው የሠራው፣ ሌላ ሰው ሳይፈትሽ አምጥቶ የገጠመው የጽሑፍ ሳጥን።

እስቲ ውስጡን እንየው። ትንሽ ቴክኒካል ይሆናል፣ ግን ቁጣ ያለ ዝርዝር ጩኸት ብቻ ስለሆነ ታገሱኝ።

ቁልፍ ሲነካ ለአፑ ሊደርሱት የሚችሉ ሁለት ዓይነት ዜናዎች አሉ። አንደኛው የቁልፍ ዜና ነው፦ «ኤስ የተጻፈበት ቁልፍ ተጫነ»። ሁለተኛው የጽሑፍ ዜና ነው፦ «ጠቋሚው ባለበት ቦታ ይህ ፊደል ይግባ»። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው በላፕቶፕ ላይ ሁለቱ መንትያ ናቸው፤ ኤስ ሲጫን ኤስ ይጻፋል። ስለዚህ ፕሮግራመሩ አንዱን በሌላው ቦታ ቢጠቀም ማንም አያውቅበትም። እኛ ጋ ግን መንትዮቹ ይለያያሉ። በድምፅ በሚሠሩት ኪቦርዶች፣ ለምሳሌ ኪማን ላይ፣ ኤስን ስትጫኑ «ስ» ትመጣለች። ቀጥላችሁ ዩን ስትጫኑ «ስ» ትጠፋና «ሱ» ትተካለች። ሁለት ቁልፍ፣ አንድ ፊደል፣ በመሐል ደግሞ አንድ ማጥፋት።

ማጥፋቱ ለምን አስፈለገ? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው ቅጂ ነው። ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይዞ ገባ። በሄክሳዴሲማል አቆጣጠር «ሰ» 1230 ነው፣ «ሱ» 1231፣ እንዲህ እያለ «ስ» 1235 ላይ ይቀመጣል። «ስ» ላይ ሄዶ የሚለጠፍ «የኡ ምልክት» የሚባል ነገር የለም። «ስ»ን ወደ «ሱ» መለወጥ ማለት የተጻፈውን አንሥቶ ሌላ ማስቀመጥ ማለት ነው። የግዕዝ ኪቦርድ ሥራ ሁሉ፣ በላፕቶፕም ይሁን በስልክ፣ የቆመው በዚህች «አንሣና አስቀምጥ» ላይ ነው። ሳጥኑ «አስቀምጥ»ን ሰምቶ «አንሣ»ን ካልሰማ፣ ሰላም ስትጽፉ «ስሰልላም» ይወጣል። የአክስቴ «ጸጽገጌ» ሌላ ምስጢር የለውም። «አስቀምጥ» አራት ጊዜ ተሰማ፣ «አንሣ» ሁለቱንም ጊዜ ጆሮ ዳባ ተባለ።

ታብሌቱ ላይ የሆነው ይህ ይመስለኛል። አንድሮይድ ውስጥ ኪቦርዱና ሳጥኑ የሚነጋገሩበት መስመር «ኢንፑት ኮኔክሽን» ይባላል። ኪቦርዱ በዚያ መስመር ይጠይቃል፦ ከጠቋሚው በስተግራ ምን አለ? ያዛል፦ ከጠቋሚው በፊት ያለውን አንድ ፊደል አጥፋ። ይልካል፦ ይህን ጽሑፍ አስገባ። የአንድሮይድን የራሱን የጽሑፍ ሳጥን የተጠቀመ ሰው ይህ ሁሉ ተሠርቶ ይጠብቀዋል። የራሱን ሳጥን ከባዶ የሳለ ሰው ግን፣ ዲዛይኑ እንዲያምርለት ወይም ጨዋታ ውስጥ ስለሆነ፣ እነዚህን ጥያቄዎች ራሱ መመለስ አለበት። ብዙው ሰው «አስገባ»ን ብቻ ይመልስና እንግሊዝኛ ሞክሮ፣ ሠራ ብሎ ይሄዳል። እንግሊዝኛ ስትጽፉ ደግሞ ኪቦርዱ «አጥፋ» የሚለው አልፎ አልፎ ነው፤ ዝምታው ሳይታወቅ ዓመት ያልፋል።

ከዚህም የባሰ አለ፤ ጭራሽ ምንም የማይጻፍበት። ሳጥኑ «እኔ እውነተኛ የጽሑፍ ቦታ አይደለሁም» የሚለውን ሰነፍ መንገድ ሲመርጥ፣ አንድሮይድ ለመተባበር ብሎ የመጣውን ጽሑፍ ወደ ቁልፍ ዜና መልሶ ለመፍታት ይሞክራል። «ኤ» ከመጣ «የኤ ቁልፍ ተጫነ» ይላል። «ሱ» ሲመጣስ? በዚያ የቁልፍ ካርታ ላይ «ሱ» የምትባል ቁልፍ የለችም። ስለዚህ ፊደሏን ያዘለ አንድ ልዩ ዜና ይልካል፤ ዓይነቱ ራሱ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ «ጊዜ ያለፈበት» ተብሎ ምልክት የተደረገበት ነው። ሳጥኑ ያንን ዜና የሚያይ ኮድ ስለሌለው ፊደሏ አየር ላይ ትቀራለች። እናንተ ትነካላችሁ፣ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ሳጥኑ ባዶ ነው። «ስልኬ ሃንግ አደረገ» የምትሉት ይሄ ነው።

ዌብ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ ልብስ ይለብሳል። ብራውዘሩ፣ የግቤት መሣሪያው ቁልፉን ሲይዝበት፣ ለገጹ የሚነግረው ቁጥር 229 ነው። ትርጉሙም በግርድፉ «እኔን አትጠይቀኝ፣ ሌላ ሰው እየሠራበት ነው» ማለት ነው። የቁልፍ ቁጥር እየቆጠረ የሚሠራ ሳጥን ታዲያ የሚያየው 229፣ 229፣ 229 ነው። ለሁሉም ፊደል አንድ ቁጥር። አንድሮይድ ላይ በክሮም ከሆነ ይሄ እንግሊዝኛ ለሚጽፉም ይደርሳል፤ እውነቱን ለመናገር ከእነዚህ ሳጥኖች አንዳንዶቹ የተጠገኑት በዚያ ምክንያት ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ ሳለ «ዝቅተኛ ቅድሚያ» ነበር።

የሚያበሽቀኝ ደግሞ የጥበቡ ሰዎች ችግሩን በፍጹም አያውቁትም ማለት አለመቻሌ ነው። በግማሽ ያውቁታል። ቪው የሚባለው ታዋቂ የዌብ ማዕቀፍ መመሪያው ውስጥ ስለዚሁ ጉዳይ ያስጠነቅቃል፤ የግቤት መሣሪያ የሚጠይቁ ቋንቋዎች ላይ፣ ፊደሉ እየተሠራ ሳለ የሳጥኑ ዋጋ አይታደስም ይላል። ቋንቋዎቹንም ይጠራል፦ ቻይንኛ፣ ጃፓንኛ፣ ኮርያኛ፣ ወዘተ። እኛ ያለነው «ወዘተ» ውስጥ ነው። ቪውን ለመውቀስ አይደለም፤ ቢያንስ ጽፎታል። ግን «ወዘተ» ውስጥ መኖር ዋጋ አለው። ፈታሾች ሲመጡ የሚፈትሹት ስማቸው የተጠራውን ነው።

እኛ ደግሞ ከተጠሩት ጋር ሁልጊዜ አንድ አይደለንም። ቻይንኛና ጃፓንኛ ሲጻፍ ቃሉ ከሥሩ ተሰምሮበት ለጊዜው ይቀመጣል፣ የምርጫ ዝርዝር ይወጣል፣ ጸሐፊው መርጦ ያጸድቃል። ሳጥኑም «ጀመረ፣ እየተቀየረ ነው፣ አለቀ» የሚል ግልጽ ዜና ይደርሰዋል። ብዙዎቹ የግዕዝ ኪቦርዶች እንዲህ አያደርጉም። ወዲያው ይጽፋሉ፣ ወዲያው ያጠፋሉ፣ ወዲያው ይተካሉ። ስለዚህ አንድ ሳጥን በቻይንኛ ተፈትሾ አልፎ በአማርኛ ሊወድቅ ይችላል።

በዚህ ከእኛ ጋር የሚቀራረቡት ቬትናሞች ናቸው። የእነሱም ኪቦርድ እያጠፋ ይተካል፤ ኤክሴልና የብራውዘር አድራሻ መስመር ላይ ፊደላቸው ሁለቴ መጻፉ የታወቀ ጣጣቸው ነው። ምክንያቱን ስሙማ፣ የእኛም ነውና። ሳጥኑ ብልጥ ነኝ ብሎ የቃሉን ቀሪ አስቀድሞ ይጽፍላችኋል፣ የጻፈውንም በሰማያዊ ይመርጠዋል። ኪቦርዱ ይህን አያውቅም። «ስ»ን ሊያጠፋ ባክስፔስ ይልካል። ባክስፔሱ የሚያጠፋው የተመረጠውን ጥቆማ ነው፤ «ስ» እንደተቀመጠች ናት። ከዚያ «ሱ» ትከተላለች። «ስሱ»። ቬትናሞቹ ተስፋ ቆርጠው ኪቦርዶቻቸው ውስጥ «የጥቆማን ስሕተት አርም» የሚል ማብሪያ ማጥፊያ እስከ መግጠም ደርሰዋል። የሳጥኑን ጥፋት ኪቦርዱ ተሸከመው ማለት ነው።

አንድ ሳልነግራችሁ የማላልፈው አለ፤ ስም ሲጻፍ የመጀመሪያውን ፊደል «ትልቅ» የሚያደርገው ሳጥን። ለእኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ሳጥኑ ግን በእያንዳንዱ ፊደል የተጻፈውን ሁሉ አንሥቶ፣ ትልቅ ሊያደርግ ሞክሮ፣ የሚያደርገው አጥቶ መልሶ ያስቀምጣል። ሲመልሰው ኪቦርዱ ይዞት የነበረው ጅምር ፊደል ይቋረጣል፣ ጠቋሚውም ወደ መጨረሻ ይዘላል። ለማያስፈልገን አገልግሎት የሚያስፈልገንን ገበርን።

አሁን ወደ ሰበቦቹ።

«ፎንቱ ነው» የሚል አለ። ይህ ሰበብ አንድ ዘመን እውነት ነበር፣ ለዚያ ነው የማይሞተው። ከዩኒኮድ በፊት የአማርኛ ሶፍትዌሮች ፊደላችንን በላቲን ፊደላት ወንበር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ የተከፈተ ደብዳቤ የአጋንንት ጽሑፍ ይመስል ነበር። ያን ያየ ሰው ዛሬም አማርኛ በተበላሸ ቁጥር ፎንት ይፈልጋል። ግን ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ ከመጣ እንኳ ስንት ዓመቱ። ፎንት ሲጎድል የሚታየው ባዶ አራት ማዕዘን ነው። «ስሰልላም» ብሎ ጥርት አድርጎ የሚጽፍ ሳጥን ፎንት አልጎደለውም።

«ፊደሉ ስለበዛ ነው» የሚል አለ። ይሄኛው ዕድሜው ከኮምፒውተር ይበልጣል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ የነበረው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ 33 ጊዜ 7 ፊደል በጥቂት ቁልፍ እንዴት ይጻፋል? መልሱ የፊደሉን አካል አንዴ፣ ቅጥያውን አንዴ መምታት ሆነ፤ መልኩ አያምርም ተብሎ ተተቸ፣ ፊደል እንቀንስ የሚሉም ተነሡ። በዚያ ጊዜ ቢያንስ ብረት ነበር፤ ብረት አይታዘዝም። ዛሬ ለዚህ ሰበብ መልሱ ኮርያ ናት። ኮርያኛ ዩኒኮድ ውስጥ 11,172 የተገጣጠሙ ክፍለ ቃላት አሉት። የእኛ ዋናው መደብ ባዶ ቦታዎቹን ጨምሮ 384 ነው። ኮርያኖቹ በተራ ኪቦርድ፣ ፊደል ከፊደል እያዋሐዱ፣ ሳይንገጫገጩ ይጽፋሉ። ብዛት ቢሆን ኖሮ እነሱ ገና ድሮ ተስፋ ቆርጠው ነበር።

«ሰው እኮ በእንግሊዝኛ መጻፍ ለምዷል» የሚለው ከሁሉም የከፋው ነው፤ ምክንያቱም ማስረጃ አለው። አፑን የሠራው ድርጅት ዳታውን ይከፍትና «ከተመዘገቡት ስሞች አብዛኞቹ በላቲን ናቸው፤ ሕዝቡ ይህን መርጧል» ይላል። በር ዘግተህ ማንም አልገባም ማለት ነው። ሦስት ጊዜ «ጸጽገጌ» የጻፈ ሳጥን፣ በአራተኛው በላቲን የተጻፈውን ስም «ምርጫ» ብሎ መዘገበ። ያ ዳታ ደግሞ ለሚቀጥለው አፕ መነሻ ይሆናል።

ላቲኑም ቢሆን አንድ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጽጌ፣ ፀሐይ፣ ኃይሉ፣ ቅድስት የሚባሉ ሰዎችን ጠይቁ። ፓስፖርታቸው አንድ ዓይነት፣ ዲፕሎማቸው ሌላ ዓይነት፣ የባንክ ደብተራቸው ሦስተኛ ዓይነት ነው። ፊደላችን «ጠ»ንና «ተ»ን፣ «ቀ»ንና «ከ»ን ይለያል፤ ላቲኑ ጋ ሲደርሱ እንደ ጸሐፊው ሙድ ነው። ዓረብ አገር ልትሄድ ሰነድ የምታስተካክል ልጅ በአንድ ፊደል ልዩነት ስንት ቢሮ እንደምትመላለስ በየቤታችን የምናውቀው ነው። ያ ሁሉ ከጽሑፍ ሳጥን የመጣ ነው አልልም፤ መዝገብ ከኮምፒውተር በፊትም ይበላሽ ነበር። ግን ስሙን በገዛ ፊደሉ መቀበል የሚችል ሳጥን ካለ፣ አንድ ትክክለኛ መነሻ ይኖራል።

«ከእንግዲህ ሰው በድምፅ ነው የሚጽፈው» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰልፍ መሐል ቆማችሁ የሕመማችሁን ዓይነት ለታብሌት ጮክ ብላችሁ ንገሩና እንነጋገራለን።

እሺ፣ ኑዛዜዬ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ የስም መፈለጊያ ሳጥን ሠራሁ። ቁልፍ ሲጫን ይሰማል፣ ፊደሉን ይጨምራል፣ ባክስፔስ ከሆነ አንድ ይቀንሳል። ቆንጆ ነበር፤ ጥቆማ ሁሉ ያወጣ ነበር። አማርኛ የምናገር፣ አማርኛ የማስብ፣ እናቴን በአማርኛ ቴክስት የማደርግ ሰው፣ ሳጥኑን የፈተሽኩት «ቴስት ቴስት» በሚል የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ስሙን አጣራ ሲሉኝም ከኢንተርኔት ያገኘሁትን፣ ከኤ እስከ ዜድ ያለውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ለጠፍኩ። ማለት፣ የራሴን ስም የማይቀበል የስም ሳጥን ሠራሁ። የፈረንጅ ካምፓኒ አላስገደደኝም። ማንም አላስገደደኝም። ቅሬታ ሲመጣ «ቴሌግራም ላይ ጽፈው ይለጥፉ» ብዬ መለስኩ፣ ቲኬቱን ዘጋሁ።

ለዚህ ነው ጣቴን ወደ ካሊፎርኒያ ብቻ መቀሰር የማይዋጥልኝ። መሠረቱ በአብዛኛው ተሠርቷል። ዩኒኮድ አለ። አንድሮይድ መስመሩን ዘርግቷል። ብራውዘሩ «ፊደል ገባ፣ ፊደል ጠፋ» የሚል ጥርት ያለ ዜና ይሰጣል። የሚያፈርሰው ከዚያ በላይ ያለው ነው። የሚያፈርሰውም ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ማኪያቶ ይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር በአማርኛ እየቀለደ ኮድ የሚጽፍ ሰው ነው።

መሠረቱ ራሱ የጎደለበትም ቦታ አለ፤ በአፕ ሳይሆን በዕቃ ውስጥ የተገጠሙ ትንንሽ ስክሪኖች፣ የመለኪያ መሣሪያው፣ የበር መቆጣጠሪያው። ለእነዚህ ኤልቪጂኤል የሚባል ነፃ የስክሪን መሥሪያ በሰፊው ይሠራበታል። ቻይንኛ በፒንዪን የሚጻፍበት ክፍል አለው፣ ለዕብራይስጥና ለፋርስኛ የሚሆን ፎንት አብሮት ይመጣል። ለግዕዝ ራስህ ነህ የምትሠራው። ግን ይቻላል፤ ፎንቱን ቀይሮ ማስገባትም፣ የስክሪን ኪቦርዱን ቁልፎች በራስ ዝርዝር መተካትም ተፈቅዷል። እዚህ ላይ የሚያሰናክለው ሌላ ነው። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይወስዳል። «ለስም 20 ባይት ይበቃል» ብሎ የቆረጠ ሰው ለእኛ የሰጠን ስድስት ፊደልና የሰባተኛውን ሁለት ሦስተኛ ነው። ወለተማርያም የተባለች ሴት ስሟ «ወለተማርያ» ላይ ተቆርጦ፣ ጫፉ ላይ የጥያቄ ምልክት ተንጠልጥሎ ይወጣላታል።

ጥገናው ይሄን ያህል አይከብድም። የእኔን ሳጥን ለማስተካከል የፈጀብኝ አንድ ከሰዓት ነው፤ ግማሹን የበላው የድሮ ኮዴን እያየሁ ማፈር ነው። የቁልፍ ዜና ማዳመጡን ተውኩ፤ ለአቋራጭ ቁልፎችና ለቀስቶች ብቻ አስቀረሁት። ጽሑፍ የምቀበለው ከጽሑፍ ዜና ብቻ ሆነ። ፊደል ጅምር ላይ ሳለ የሳጥኑን ይዘት አልነካም፤ ጥቆማውን ከሳጥኑ ውስጥ አውጥቼ ከሥር ዝርዝር አደረግሁት፣ ባክስፔስ የሚያጠፋው የተጻፈውን እንጂ የእኔን ግምት እንዳይሆን። የኤ እስከ ዜድ ማጣሪያውን ቀድጄ ጣልኩ፤ በየትኛውም ጽሕፈት ፊደል የሆነውን የሚያሳልፍ ጽሑፍ መፈተሻ ዛሬ በየቋንቋው አለ። ርዝመቱን በባይት ሳይሆን በፊደል ቆጠርኩ። በአንድሮይዱ በኩል የራሳችንን ሳጥን አውልቀን የሥርዓቱን መለስን። ዲዛይነራችን ትንሽ አኮረፈ፤ ጥጉ እንደ ድሮው አይከብም።

ፍተሻውን ግን አልቀበርኩትም። አዲስ ሳጥን ሲመጣ የምሞክረው እንዲህ ነው። «ሰላም» እጽፋለሁ፤ «ስሰልላም» ካለ እዚያው እመልሰዋለሁ። ቃሉ መሐል ገብቼ «ላ»ን ወደ «ሉ» እቀይራለሁ፤ ብዙ ሳጥን ጫፉ ላይ ሠርቶ መሐል ላይ ይወድቃል። አራት ነጥብ እጨምራለሁ። «ቋንቋ» እላለሁ፤ «ቋ» በአንዳንድ ኪቦርድ ከሁለት በላይ ቁልፍ ትፈልጋለችና ሰነፍ ሳጥንን ታጋልጣለች። ይህን ሁሉ በአንድ ኪቦርድ ሳይሆን በሁለት፣ አንድ በድምፅ የሚጽፍ፣ አንድ ፊደሉን ራሱን የሚደረድር። በጠቅላላው አምስት ደቂቃ አይሞላም። አምስት ደቂቃ የለንም የሚል ቡድን ካለ፣ ስሙን የሚጽፍበትን ሳጥን የት አግኝቶ እንደተመዘገበ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የዓይን ሕክምናው ቤትስ? ሳጥኑን የሸጠላቸውን ድርጅት የድጋፍ አድራሻ መዝጋቢዋ ልጅ ከታብሌቱ ጀርባ አንብባ ሰጠችኝ። ጻፍኩላቸው፤ የት ላይ እንደሚሰበር፣ «አጥፋ» የሚለው ትእዛዝ የት እንደሚጠፋ ግምቴን፣ የስክሪኑን ቪዲዮ ጭምር። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ትሑት መልስ ነው፣ ስለ ትብብሬ አመስግነውኛል። ለጊዜው ጽሑፉን ሌላ አፕ ላይ አዘጋጅቼ ኮፒ እንዳደርግ ይመክሩኛል። ቲኬቱ ክፍት ነው። ቅድሚያ፦ ዝቅተኛ። አክስቴ በሚቀጥለው ወር ቀጠሮ አላት፤ በየትኛዋ ጽጌ እንደምትገባ ገና አልወሰንም።